ደረሰኝ ያልተቆረጠለት ግብር

ቡሬ ከተማ ዳር፣ መንገዱ አንዱ ወደ ባሕር ዳር አንዱ ወደ ነቀምቴ ከሚለያይበት ብዙም ሳይርቅ፣ አንድ አዛውንት ገበሬ ቤት ገብቼ ነበር። ጉዳዬ ስለ በርበሬ ዋጋ ለመጠየቅ ነበር። ወሬያችን ግን ከበርበሬ ወደ መሬት፣ ከመሬት ወደ ግብር ሄደ። አዛውንቱ ተነሡና ከአልጋቸው ሥር የቆርቆሮ ሣጥን ጎትተው አወጡ። በነጠላ ጫፍ የተቋጠረ፣ ከዚያም በፌስታል የተጠቀለለ የወረቀት ክምር ነበረበት። ከላይ አረንጓዴው የመሬት ይዞታ ደብተር አለ። ከሥሩ የዚህ ዘመን የግብር ደረሰኞች፣ ከዚያ በታች የገበሬ ማኅበር ዘመን ወረቀቶች ተደርድረዋል። ከሁሉም ሥር፣ እጥፋቱ ላይ ሊበጠስ የደረሰ፣ ቀለሙ የደበዘዘ የንጉሡ ዘመን ደረሰኝ ተቀምጧል።

«ይኼ የአባቴ ነው» አሉኝ። በጣታቸው እየነኩ ዓመቱን ቆጠሩልኝ። አንድ ቦታ ላይ ቆም አሉ። «ከዚህ እስከዚህ ግን የለም። ሳይከፍል ቀርቶ አይደለም ልጄ። ከፍሏል፤ ደረሰኝ አልተቆረጠለትም።»

ይህን ምዕራፍ የምጽፈው ስለዚያ ክፍተት ነው።

ጎጃም ውስጥ የግብር ደረሰኝ ገንዘብ መክፈልህን ብቻ የሚያስረዳ ወረቀት አልነበረም። በርስት አገር መሬት የሚገኘው ከአቅኚ አባት በሚቆጠር ዘር ነው። ለአንዱ ማሳ አሥር ባለመብት ሊነሣበት ይችላል። ሙግት የማያውቀው ቤት የለም፤ ክረምት ከበጋ ዳኛ ፊት መቆም የገበሬው ሁለተኛ ሥራ ነበር። ዳኛው ምስክር አሰምቶ ትውልድ አስቆጥሮ ሲያበቃ «ግብሩን ማን ሲገብር ኖረ?» ብሎ ይጠይቃል። ግብር በስሙ የገባለት ሰው ክርክሩን ግማሽ ጨርሶታል ማለት ነው። ስለዚህ ከገበሬ ላይ ገንዘብ ተቀብሎ ደረሰኝ የነፈገ ሹም የሰረቀው ብሩን ብቻ አይደለም፤ ከልጅ ልጅ የሚወርድ ማስረጃ ወስዷል። ስለ ሙስና ስናወራ ብዙውን ጊዜ የምናስበው ስለ ሚሊዮኖች ነው። የምዕራብ ጎጃም ገበሬ ግን ሙስናን የሚያውቀው በዚች በጠፋች ብጣሽ ወረቀት ነው።

አሁን ወደ ሹሞቹ እንምጣ። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት ዛሬ የምንጠቅሰው ሌባ ለመስደብ ነው። በጥንቱ አስተዳደር ግን ሹመት ራሱ መተዳደሪያ ነበር። አገር የተሰጠው ሹም ከማዕከል ደመወዝ አይጠብቅም፤ ከአገሩ ይበላል፤ ለበላዩም ከዚያው እጅ መንሻ ይልካል። ከገበሬው የሚሰበሰበው የትኛው የመንግሥት፣ የትኛው የሹሙ እንደሆነ የሚለይ መስመር ስላልነበረ «ሰረቀ» ለማለትም ይቸግር ነበር። ልኩን ያለፈ እንደሆነ ግን ሕዝቡ ያውቃል።

የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ልጅ ራስ ኃይሉ ልኩን በማለፍ ስማቸው የተነሣ ገዥ ናቸው። በጎጃም ብዙ ዘመን ገዝተዋል፤ በንግድም ተሰማርተው ከዘመኑ ባለጸጎች አንዱ ሆነዋል። የግብራቸው ክብደት ባላገሩን አማርሮት ነበር። በ1924 ዓ.ም. በአስተዳደር በደል ተከሰሱ። ግዛታቸውን ጨርሶ ያሳጣቸው ግን ከሥልጣን የወረዱት ልጅ ኢያሱ ከታሰሩበት ከፍቼ ሲያመልጡ እጃቸው አለበት መባሉ ነው። ሞት ተፈረደባቸው፤ ፍርዱ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ፤ ንብረታቸው ተወረሰ፤ ጎጃምም ለራስ እምሩ ተሰጠ። ይህን ቅደም ተከተል አንባቢ እንዲይዝልኝ እፈልጋለሁ። ገበሬውን መበደል ያስወቅሳል፤ ዘውዱን መንካት ያስወድቃል። ከሠላሳ ስድስት ዓመት በኋላም ይኸው ሚዛን አልተለወጠም።

ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በኦሜድላ በኩል አገራቸው ሲገቡ መንገዳቸው በጎጃም ነበር። የእንግሊዝና የኢትዮጵያ ጦር ከጎጃም አርበኞች ጋር ሆኖ ቡሬና ማንኩሳ ላይ ከጣሊያን ጋር ተዋጋ፤ በደምበጫ አድርጎ ደብረ ማርቆስ ገባ። ቀድሞ ወጀት ትባል የነበረችው፣ በኋላ የቆላ ደጋ ዳሞት አውራጃ ዋና ከተማ የሆነችው ፍኖተ ሰላም በዚሁ መንገድ ላይ ትገኛለች። የስሟ ትርጉም የሰላም መንገድ ነው። የዳሞት ሰው አምስት ዓመት ጫካ ውሎ አድሮ፣ ንጉሡን በደጁ አሳልፎ፣ ዋጋዬን አገኛለሁ ብሎ ቢጠብቅ ማን ይፈርድበታል?

መጀመሪያ የመጣለት የግብር አዋጅ ነው። በ1934 ዓ.ም. እና በ1937 ዓ.ም. የወጡት አዋጆች መሬትን ለም፣ ለም ጠፍና ጠፍ ብለው ከፈሉ። በተለካው አገር በጋሻ፣ አሥራቱን ጨምሮ፣ 50፣ 40 እና 15 ብር ተቆረጠ። ጎጃም፣ በጌምድርና ትግራይ ግን መሬታቸው አልተለካም። ጎጃም እንዳይለካ የተሟገተው በአቤቱታ ብቻ ሳይሆን በጠመንጃም ጭምር ነበር። ቀላድ የሚባለው የመለኪያ ገመድ በደቡብ ምን እንዳደረገ ወሬው ደርሶታል። መሬት ተለካ፤ «ትርፍ» የተባለው ለመኳንንትና ለወታደር ተሰጠ፤ ባለቤቱም ጭሰኛ ሆነ። ስለዚህ ጎጃሜ እንደ ቀድሞው ልማድ በድፍን፣ በአገር በአገሩ የተቆረጠውን እየከፈለ ኖረ። የትምህርትና የጤና ግብርም በየጊዜው ተጨመሩበት። ልጁን የሚያስተምርበት ትምህርት ቤት ወይም የሚታከምበት ሐኪም ቤት ሳያይ የሁለቱንም ግብር የከፈለ ገበሬ በቋሪትም በሰከላም ሞልቶ ነበር።

ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ የጎጃም እንደራሴ ሆነው የተሾሙት በ1950ዎቹ መጀመሪያ ነው። የሸዋ ሰው ናቸው፤ የሥልጣናቸውም ምንጭ የንጉሠ ነገሥቱ እምነት እንጂ የጎጃም ሕዝብ አልነበረም። ይህ ብቻውን ጥፋት አይደለም። የማዕከላዊው መንግሥት ሐሳብ የአካባቢውን መሳፍንት በባዕድ ሹም መተካት ነበር፤ ሐሳቡም ዓላማ ነበረው። ራስ ኃይሉን ያየ መንግሥት የአገሬው መስፍን ሲገን ምን እንደሚሆን ያውቃል። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። የአገሬው መስፍን ቢያንስ ዘመዶቹ ይገሥጹታል፤ የሚቀበርበትንም ደብር ያስባል። ከሩቅ የመጣ እንደራሴ ግን ተጠሪነቱ ለአንድ ሰው ብቻ ነው። ያ ሰው ያለው በአዲስ አበባ ነው፤ የሚሰማውም እንደራሴው የጻፉለትን ነው።

ሕዝቡ በፀሐዩ አስተዳደር ላይ ካነሣቸው ክሶች ዋነኞቹ መዋጮና የጦር መሣሪያ ምዝገባ ናቸው። ለዚህ ግንባታ፣ ለዚያ በዓል፣ ለንጉሠ ነገሥቱ መታሰቢያ እየተባለ ገንዘብ ይሰበሰባል፤ ገንዘቡ የት እንደገባ ግን አይታይም። ጠመንጃህን አስመዝግብና ክፈል ይባላል። ጠመንጃ ለጎጃሜ ምን እንደሆነ ለሚያውቅ ይህ ከገንዘብ በላይ ነው። ያ ጠመንጃ አባቱ ከጣሊያን የማረከው ሊሆን ይችላል። አሁን ስሙ በመዝገብ ሰፍሮ ነገ «አስረክብ» ሊባል ነው። ገበሬው እንደራሴውንና በሥራቸው ያሉትን የአውራጃና የወረዳ ገዥዎች በጉቦና በቅሚያ ከሰሰ።

ይህ ዓይነቱ አበላል እንዴት እንደሚሠራ ጠጋ ብለን እንየው፤ ብዙ ሰው የሚገምተው እንደራሴው በግል የሰረቁትን ብቻ ነውና። ከጠቅላይ ግዛቱ ትእዛዝ ይወጣል። አውራጃው ለወረዳ፣ ወረዳው ለምክትል ወረዳ፣ ምክትል ወረዳው ለአጥቢያ ዳኛና ለጭቃ ሹም ያወርደዋል። የታዘዘው አንድ ብር ቢሆን በየደረጃው ትንሽ ትንሽ ይጨመርበታል። ታች የሚሰበስበው ጭቃ ሹም ደመወዝ የለውም፤ እሱም «ውሎ አበሌ» ይላል። ደረሰኝ ቢቆረጥ ለታዘዘው አንድ ብር ብቻ ይቆረጣል፤ ጭማሪው በእጅ ይቀራል። አንዳንዴም ደረሰኙ ከነጭራሹ ይቀራል፤ በዓመቱ «አልከፈልክም» ተብሎ ውዝፍ ይጻፍበታል። ስለዚህ ውዝፍ የሚባለው ዕዳ ከፊሉ ያልተከፈለ ሳይሆን ሁለት ጊዜ የተጠየቀ ግብር ነበር ብዬ አምናለሁ። የቡሬው አዛውንት ሣጥን ውስጥ ያለው ክፍተት ይኸው ነው።

እዚህ ላይ እያለን ነው አዲሱ ሕግ የመጣው። በኅዳር 1960 ዓ.ም. የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ ወጣ። ሕጉ በወረቀት ላይ መጥፎ ሕግ አልነበረም፤ እንዲያውም ከቀደሙት ሁሉ የተሻለ ነበር ባይ ነኝ። አሥራትን አስቀረ። ግብሩን በመሬቱ ስፋት ሳይሆን በተገኘው ገቢ ልክ አደረገው፤ ብዙ ያገኘ ብዙ፣ ጥቂት ያገኘ ጥቂት ይከፍላል። ዓመታዊ ገቢው ከ300 ብር የማይበልጥ ገበሬ የሚጠየቀው አንድ ብር ከሃምሳ ሳንቲም ብቻ ነበር። ሕጉን የፈሩት ባለ ሰፋፊ መሬት መኳንንት ናቸው፤ ፓርላማ ውስጥም ተከራክረውበታል። ታዲያ በአገሪቱ ከሁሉ በላይ የተነሣበት፣ ባለ አንድ ብር ከሃምሳው የጎጃም ገበሬ የሆነው ለምንድን ነው?

ብዙ የተማረ ሰው «ባላገሩ አዋጁ ስላልገባው ነው» ብሎ ያልፈዋል። እኔ በዚህ አልስማማም። በሚገባ ገብቶታል። ገቢው ስንት እንደሆነ የሚወስነው ማን ነው? ገማች ነው። ገማቹ ማሳው ላይ ይቆማል፤ ጤፉን፣ በቆሎውን፣ ዳጉሳውን አይቶ «ይህ ይህን ያህል ያስገባል» ይላል። ግምቱ ከፍ ሊልም ዝቅ ሊልም የሚችለው በእሱ ብዕር ነው። ብዕሩን ዝቅ ለማድረግ ምን እንደሚያስፈልግ ገበሬው ከጠመንጃው ምዝገባ ጊዜ ጀምሮ ተምሮታል፤ አንድ ብር ከሃምሳው የዚያ መግቢያ በር ብቻ ነው። ደግሞስ ዛሬ ማሳዬን ዓይቶ የገመተ ነገ በገመድ ይለካዋል። የተለካ መሬት ደግሞ ርስት መሆኑ ይቀራል። እንግዲህ ገበሬው የመዘነው አዋጁን ብቻ ሳይሆን አዋጁን የያዘውን እጅም ጭምር ነው። ለሰባት ለስምንት ዓመት ያየው እጅ ነው።

እምቢታው ሞጣና ቢቸና ላይ ጀመረ፤ ዳሞትም ተከተለ። ገበሬው በቀጥታ ወደ ጦርነት አልሮጠም። መጀመሪያ በየቤተ ክርስቲያኑ ደጅ፣ በየዋርካው ሥር ተሰበሰበ፤ ተማማለ፤ ገማቾችን ከአገሩ አስወጣ። ሽማግሌ መርጦ አቤቱታ አስጻፈና አዲስ አበባ ላከ። በዚህ አቤቱታ ላይ መቆየት እወዳለሁ፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ ለክስ መዝገብ የቀረበው ነገር እሱ ብቻ ነውና። ከፈረስ ቤት ወይም ከወምበርማ የተነሣ ሽማግሌ እስከ መኪናው መንገድ በእግሩ ይሄዳል። ስንቁን በሶና ዳቦ ቆሎ ይዟል። ማንበብ ስለማይችል ቃሉን የሚያሰፍረው በማመልከቻ ጸሐፊ ብዕር ነው፤ ጸሐፊው ለመስመር ያስከፍለዋል። አዲስ አበባ ደርሶ ደጅ ይጠናል። በየጽሕፈት ቤቱ «ነገ ና» ይባላል። ያም ሆኖ የጠየቀው ግልጽ ነገር ነበር። ገዥው ይነሡልን፤ ሌቦቹ ይጠየቁልን፤ መሬታችን አይለካ።

ከማዕከል የተላኩ ሰዎች መጡ፤ አነጋገሩ፤ ተመለሱ። እንደራሴው ግን በቦታቸው ናቸው። ያኔ እምቢታው ወደ ውጊያ ተለወጠ። ገበሬው የጎበዝ አለቃ መረጠ። ፖሊስ ተላከ፤ ጦር ተላከ፤ በ1960 ክረምት ደግሞ አውሮፕላን መጥቶ ቦምብ ጣለ። ቤት ተቃጠለ፤ እህል ወደመ፤ ሰው ሞተ። ከሃያ ሰባት ዓመት በፊት ንጉሡ ያለፉበት አገር ነው። ያን ጊዜ የጣሊያን አውሮፕላን በራሱ ላይ ሲያንዣብብ ያየ ሰው፣ አሁን የራሱ መንግሥት አውሮፕላን ሲመጣ ማየቱን ሳስብ ሰውነቴ ይሸማቀቃል።

መጨረሻው ምን ሆነ? መንግሥት አፈገፈገ። አዲሱ ግብር በጎጃም ከስሙ በቀር ሥራ ላይ ሳይውል ቀረ። ውዝፉም ተማረ። ደጃዝማች ፀሐዩ ተነሡ፤ ደጃዝማች ደረጀ መኮንን ተተኩ። ደጃዝማች ፀሐዩ ግን ከጎጃም ተነሥተው ፍርድ ቤት አልቆሙም። የከፋ ጠቅላይ ግዛት እንደራሴ ሆነው ነው የተሾሙት።

የወንጀለኛ መቅጫ ሕጉ ከ1949 ዓ.ም. ጀምሮ ነበረ። ጉቦ መቀበልን፣ በሥልጣን አላግባብ መገልገልን የሚቀጡ አንቀጾች ነበሩበት። ከሳሽ ነበረ፤ ምስክርም በአሥር ሺህ ይቆጠር ነበር። የቀረው ክሱን የሚከፍት ሰው ብቻ ነው። እንደራሴውን የሾሙት ንጉሠ ነገሥቱ ናቸው። ሹሙን በአደባባይ መክሰስ ደግሞ ሿሚውን መጠየቅ ይሆናል፤ «ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ» የተባለበት አገር ነው። ስለዚህ በደሉ «ተሰማ»፣ ሕዝቡ «ተማረ»፣ ሹሙ «ተዛወረ»። ጎጃሜው ምሕረት አገኘ፤ የጠየቀው ፍርድ ግን አልተሰጠውም። ምሕረት አጥፊው ገበሬው ነበር እንደ ማለት ነው። የፍርድ ቤት መዝገብ ስላልተከፈተ ደጃዝማቹም ቃላቸውን ሰጥተው፣ መከላከያቸውን አቅርበው፣ ነጻም ከሆኑ ነጻ ሊባሉ አልቻሉም። ፍርድ ለተከሳሽም ይጠቅማል የምለው ለዚህ ነው።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር እንዳይመስለን የናይጄሪያውን ጄምስ ኢቦሪን እናንሣ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1999 እስከ 2007 የዴልታ ክፍለ ግዛት ገዥ ነበሩ። ግዛቲቱ የነዳጅ ዘይት አገር ናት። በ2009 በዚያው በግዛታቸው፣ በአሳባ ከተማ የተቀመጠ ፍርድ ቤት 170 ክሶችን በሙሉ ውድቅ አደረገላቸው። በ2012 ግን ለንደን ላይ ጥፋታቸውን አምነው 13 ዓመት ተፈረደባቸው። አንድ ሰው፣ አንድ ዘመን፣ አንድ ገንዘብ ነው፤ ፍርዱ የተለየው ዳኛው ከገዥው ጥላ ሲወጣ ነው። የዳሞት ሽማግሌዎች በእግራቸው አዲስ አበባ ድረስ የሄዱት ከዚህ ጥላ ለመውጣት ነበር። እዚያም የደረሱት ያው ጥላ ሥር ሆነ እንጂ።

በከፋ ዋና ከተማ በጅማ የሆነውም ከዚህ ይከተላል። በ1966 ዓ.ም. የአብዮቱ ማዕበል ሲነሣ የጅማ ሕዝብ አደባባይ ወጥቶ «ገዥው ይነሡልን» አለ። ገዥው እኒሁ ደጃዝማች ፀሐዩ ናቸው። ጎጃም ላይ በ1960 ያልተከፈተው መዝገብ ከስድስት ዓመት በኋላ ከፋ ላይ ተከፈተ። በዚያው ዓመት የቀድሞ ባለሥልጣናትን የሚመረምር፣ በፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም የሚመራ ኮሚሽን ተቋቋመ። ሙስና በማስረጃ እንዲጣራ የተከፈተ በር ነበር። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ግን ደርግ ስድሳ ሰዎችን ያለ ፍርድ ረሸነ፤ በሩም ከነመዝገቡ ተዘጋ። አንዱ ሥርዓት በዝውውር፣ ሌላው በጥይት፣ ሁለቱም ፍርድን ዘለሉት።

ዛሬ ተቋም አለን። የፌዴራሉ የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን ከ1993 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። በአማራ ክልልም ትልልቅ ሰዎች ችሎት ሲቆሙ አይተናል። ጥረት ኮርፖሬት በተባለው የንግድ ድርጅት ጉዳይ በጥር 2011 ዓ.ም. የታሰሩት የቀድሞ ባለሥልጣናት አቶ በረከት ስምዖንና አቶ ታደሰ ካሣ፣ ባሕር ዳር ላይ ተከራክረው በ2012 ዓ.ም. የስድስትና የስምንት ዓመት እስራት ተፈርዶባቸዋል። ያ ክስ የመጣው የፖለቲካው ነፋስ ከተለወጠ በኋላ ነው የሚሉ ብዙ ናቸው፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። ቢሆንም ክሱ ተነቧል፤ ምስክር ተሰምቷል፤ ተከሳሾቹም ተናግረዋል። በ1960 የዳሞት ገበሬ ይህችን እንኳ አላገኘም።

አዛውንቱን አንድ ነገር ጠየቅኋቸው። «አባቴ፣ የንጉሡ ዘመን ወረቀት አሁን ምን ያደርግልዎታል? መሬቱ በአረንጓዴው ደብተር በስምዎ ተመዝግቧል።»

ወዲያው አልመለሱልኝም። ደረሰኞቹን አንድ በአንድ በቅደም ተከተላቸው መልሰው ደረደሩ። ክፍተቱ ጋ ሲደርሱ ከከብት መድኃኒት ካርቶን የተቀደደ ባዶ ወረቀት አስገቡበት፤ ቦታው እንዳይጠፋ ነው መሰለኝ። «አባቴ ሲሞት ምን አለኝ መሰለህ?» አሉ። «‹ያን ገንዘብ የተቀበለኝን ሰው ስም አልረሳም። ደረሰኙን አምጣ ብትባል ስሙን ንገራቸው› አለኝ። እስካሁን ማንም አልጠየቀኝም።»

ስሙን ነገሩኝ፤ እኔ እዚህ አልጻፍኩትም። ነጠላውን ቋጠሩ፤ ፌስታሉን ጠቀለሉ፤ ሣጥኑንም በእግራቸው ወደ አልጋው ሥር ገፉት።